ልጄ ስንት ክበብ ይግባ? የአሜሪካ ኮሌጆች ከውጤት ሌላ የሚጠይቁት ነገር

በየዓመቱ ኦገስት 1 ቀን «ኮመን አፕ» የሚባለው የኮሌጅ ማመልከቻ ለአዲሱ ዓመት አመልካቾች ይከፈታል። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይህንን ቅጽ ይቀበላሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ድረስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል፣ የሐበሻ ወላጆች ወሬ አንድ ይሆናል። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲቀዳ፣ በልደት ድግስ ላይ፣ በቴሌግራም ግሩፕ። «የእገሌ ልጅ ኤንጂኦ አቋቁማለች አሉ።» «ሮቦቲክስ ካልገባ ዋጋ የለውም።» «ቫዮሊን አሁን ቢጀምር ይደርሳል?» ልጁ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል።

ግራ መጋባቱ አይገርምም። አብዛኛው ወላጅ ያደገው የልጅ ዕድል በአንድ ፈተና በሚቆረጥበት አገር ነው። ድሮ ማትሪክ ነበር፣ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ ማን ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና እንዳነበበ፣ ማን የቀይ መስቀል ክበብ ሊቀመንበር እንደነበረ የጠየቀ የለም። ነጥቡ ብቻ ይበቃል። እንዲህ ካለ ሥርዓት ለመጣ ወላጅ «ልጅዎ ከትምህርት ውጪ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ወጥመድ ይመስላል።

ነገሩ በእንግሊዝኛው ኤክስትራ ካሪኩላር ይባላል። በአገር ቤት ትምህርት ቤቶች ተጓዳኝ የምንለው ነው። ከክፍል ውጪ ያለው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል፦ ክበብ፣ ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ በጎ ፈቃድ፣ የደመወዝ ሥራ ሁሉ። ቅጹ ላይ ምን ሊጻፍ እንደሚችል ብዙ ወላጅ ስለማያውቅ፣ ልጁ በእጁ ያለውን ጥሎ የሌለውን ፍለጋ ይሮጣል።

መጀመሪያ፣ ስንቱ ኮሌጅ ነው የሚያየው?

ወሬው ሁሉ ስለ ሃርቫርድና ስለ ስታንፎርድ ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለው ኮሌጅ በሙሉ በር ዘግቶ የተቀመጠ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2019 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከ1,300 በላይ የአራት ዓመት ኮሌጆችን መረጃ ተንትኖ ነበር። ከአመልካቾቻቸው ከ10 በመቶ በታች የተቀበሉት 17 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ካመለከተው ተማሪ ሁለት ሦስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ይቀበላሉ።

የኮሌጅ መግቢያ አማካሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ኮሌጆችን በየጊዜው ይጠይቃል፦ ተማሪ ስትመርጡ ለምን ነገር ክብደት ትሰጣላችሁ? በቅርብ ዓመታት መልስ መሠረት፣ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ለክፍል ውጤት ከፍተኛ ክብደት ይሰጣሉ። ለተጓዳኝ እንቅስቃሴ ከፍተኛ ክብደት እንሰጣለን ያሉት ግን ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም።

ስለዚህ የልጁ ምርጫ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ የክበብ ጭንቀቱን ግማሽ እዚህ ላይ ማውረድ ይቻላል። ለማረጋገጥ ደግሞ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ስም ጋር ጎግል ላይ መጻፍ ይበቃል። ሰነዱ ውስጥ «ሲ7» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ውጤት፣ ፈተና፣ ድርሰት፣ ተጓዳኝ እንቅስቃሴ፣ የደመወዝ ሥራ፣ እያንዳንዱ «በጣም አስፈላጊ» ነው፣ «አስፈላጊ» ነው፣ «ይታያል» ወይስ «አይታይም» የሚለውን ኮሌጁ ራሱ ምልክት አድርጎ አስቀምጧል። ከቡና ላይ ወሬ ይሄ ይሻላል።

ችግሩ ያለው ጥቂቶቹ ጋር ነው። ሃርቫርድ በቅርብ ዓመታት ከመቶ አመልካች የሚቀበለው አራት ያህል ብቻ ነው። ሁሉም በውጤት የደረሱ ልጆች ሲያመለክቱ፣ ውጤት ብቻውን መለያ መሆኑ ያበቃል። ያኔ ሌላው ነገር ይመጣል።

ይህ ልማድ ከየት መጣ?

አሜሪካኖቹ አሠራሩን ሆሊስቲክ ሪቪው ይሉታል። ተማሪውን በውጤቱ ብቻ ሳይሆን በሁለንተናው ማየት ማለት ነው። ቃሉ ያምራል። አመጣጡ ግን ያን ያህል አያምርም።

ከመቶ ዓመት በፊት እነዚህ ኮሌጆችም የሚመርጡት በዋናነት በመግቢያ ፈተና ነበር። ፈተናውን ጥሩ አድርገው የሚያልፉ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ሃርቫርድ ውስጥ ከ20 በመቶ አለፉ። በ1922 የሃርቫርድ ፕሬዝዳንት ላውረንስ ሎዌል ቁጥራቸው በኮታ እንዲገደብ ሐሳብ አቀረበ። ኮታው በግልጽ ሲመጣ ተቃውሞ ገጠመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሌላ በር ገባ። የአመልካቹ «ጠባይ»፣ «የመሪነት ችሎታ»፣ የስፖርት ተሳትፎ፣ ፎቶግራፍ ሳይቀር መታየት ጀመረ። ዬልና ፕሪንስተንም ተመሳሳይ መንገድ ያዙ። የአይሁድ ተማሪዎች ድርሻ ወረደ።

በኋላ ዘመን ይኸው አሠራር ለተቃራኒ ዓላማም አገልግሏል። ጥቁርና ድሃ ተማሪዎችን ለማስገባት ረድቷል። መሣሪያው ግን ያው ነው። ለመራጩ ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል፣ ከውጪ ላለ ሰው ደግሞ አይገባም። ወላጆች ደንቡ ግልጽ አይደለም ብለው ሲያማርሩ፣ መጀመሪያውኑ ግልጽ እንዲሆን ታስቦ አልተሠራም ማለት ይቻላል።

መጋረጃው ትንሽ የተገለጠው በ2018 ነው። ሃርቫርድ በተማሪ አመራረጡ ተከሶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የመዛኞቹ መመሪያ ወጣ። ለእያንዳንዱ አመልካች በትምህርት፣ በተጓዳኝ እንቅስቃሴ፣ በስፖርትና በግል ባሕርይ ነጥብ ይሰጣል። በተጓዳኝ እንቅስቃሴ 1 ማለት በአገር ደረጃ የሚጠቀስ ችሎታ ነው። 2 ማለት በትምህርት ቤቱ ጎልቶ የወጣ፣ ምናልባትም በአካባቢው የታወቀ ሥራ ነው። ክበብ ገብቶ የተሳተፈ ብቻ ከዚያ በታች ነው።

እዚያው መመሪያ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያየው ያለፈው ነገር አለ። 5 ቁጥር የዝቅተኛ ነጥብ ስም አልነበረም። ከተለመደው ክበብ ውጪ ከባድ ኃላፊነት ላለበት ተማሪ የተተወ ምልክት ነው። ምሳሌ ተብለው የተጠቀሱት የቤተሰብ ኃላፊነትና ትምህርት እየተማሩ መሥራት ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቅጹን ቀረብ ብለን ስናየው

ኮመን አፕ ላይ ለተጓዳኝ እንቅስቃሴ አሥር ቦታ አለ። አሥሩንም መሙላት ግዴታ አይደለም። በእያንዳንዱ ቦታ ተማሪው የነበረውን ኃላፊነት በ50 ፊደል፣ የድርጅቱን ስም በ100 ፊደል፣ የሠራውን በ150 ፊደል ይጽፋል። ክፍት ቦታ ሳይቀር ይቆጠራል። ቀጥሎ በየስንተኛ ክፍል እንደሠራው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት የሚሉ ጥያቄዎች አሉ።

ብዙ ሰው ትኩረቱን ርዕሱ ላይ ያደርጋል። መሥራች፣ ፕሬዝዳንት፣ ሊቀመንበር። አንባቢው ግን ዓይኑን ወደ ሰዓቱም ይጥላል። ለማሳያ ያህል ሁለት መስመሮች እንጻፍ።

አንደኛው፦ «ወጣቶችን የሚያበቃ ድርጅት መሥራችና ፕሬዝዳንት። ስለ አመራር ግንዛቤ ፈጠርኩ።» 12ኛ ክፍል ብቻ። በሳምንት 2 ሰዓት፣ በዓመት 6 ሳምንት።

ሁለተኛው፦ «እናቴ የሌሊት ፈረቃ ናት። ሁለት ታናናሾቼን ከትምህርት ቤት እቀበላለሁ፣ እራት አቀርባለሁ፣ የቤት ሥራ አሠራለሁ። ለአያቴ ሐኪም ቤት አስተረጉማለሁ።» ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል። በሳምንት 16 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት።

የመጀመሪያው በጠቅላላው 12 ሰዓት ነው። ሁለተኛው በዓመት 800 ሰዓት። በተከታታይ አራት ዓመት ሲሆን 3,200። ሒሳቡን ለመሥራት የመግቢያ ኃላፊ መሆን አያስፈልግም።

ሰዓት ማጋነንም እዚሁ ላይ ይነቃል። አሥሩን መስመር ደምረው በሳምንት 60 ሰዓት የሚሆንባቸው ልጆች አሉ። ትምህርት ቤት አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ እንቅልፍ አለ። ያነበበው ሰው ማመን ያቆማል፣ ከዚያ እውነቱንም አብሮ ይጠራጠረዋል።

አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት እዚህ ላይ ላንሳ። ሜሪላንድ ውስጥ ተማሪ ለመመረቅ የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት አለበት፤ ሞንጎመሪ ካውንቲ ላይ 75 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት እንደ ትልቅ የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚያቀርቡ አሉ። በአካባቢው ያለ ተመራቂ ሁሉ ያለው ነገር ግን ማንንም ከማንም አይለይም። ልጁ 75ቱን ጨርሶ እዚያው ቦታ ከቀጠለ ግን ታሪኩ ይቀየራል።

ብዙ ትንንሽ ወይስ አንድ ትልቅ?

ለረጅም ጊዜ ምክሩ «ሁሉን የሚነካካ ልጅ» የሚል ነበር። ትንሽ ስፖርት፣ ትንሽ ሙዚቃ፣ ትንሽ ክርክር፣ ትንሽ በጎ ፈቃድ። አሁን ደግሞ አማካሪዎቹ «ስፓይክ» የሚሉት ቃል መጥቷል። ጦር እንደማለት ነው፤ በአንድ ነገር ላይ ሹል ብሎ መውጣት። ኮሌጁ የሚፈልገው ሁሉን የሚነካካ ልጅ ሳይሆን የተለያየ ሹል ያላቸው ልጆች ስብስብ ነው ይላሉ።

ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ይዟል። ሃርቫርድ 1 የሚለውን ነጥብ የሚሰጠው ለአገር አቀፍ ችሎታ መሆኑ «ስፓይክ» የሚሉትን ይደግፋል። ነገር ግን ያን ነጥብ የሚያገኙት እፍኝ ናቸው። ገብተው የሚማሩት አብዛኞቹ ልጆች በኦሎምፒያድ ያሸነፉ አይደሉም። ለእነሱ የሚሠራው ቀለል ያለ ነገር ነው፦ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይዞ ሦስት አራት ዓመት መቆየት፣ እና በቆይታው ውስጥ ኃላፊነቱ ማደጉ። 9ኛ ክፍል ኳስ የሚያቀብል፣ 11ኛ ክፍል ትንንሾቹን የሚያሠለጥን።

ሃርቫርድ የትምህርት ኮሌጅ ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮጀክት በ2016 ያወጣው ሪፖርት፣ ብዙ የመግቢያ ኃላፊዎች ደግፈውት፣ በብዛት ላይ ሳይሆን በጥራት ላይ ይተኮር ብሎ ነበር። ኤምአይቲ በራሱ ቅጽ የሚጠይቀው አራት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ፔንሲልቬንያ ያለው ላፋየት ኮሌጅ ደግሞ ከአሥሩ ስድስቱን ብቻ እንደሚያይ አስታውቋል። አቅጣጫው ወደ መቀነስ ነው።

በእኔ ግምት «ስፓይክ» የሚለው ምክር አደጋም አለው። ልጁ የሚወደውን ነገር እስኪያገኝ መቅመስ አለበት። 14 ዓመት ላይ ወላጅ የመረጠለት ሹል፣ 17 ዓመት ላይ ሲታይ የወላጁ መሆኑ ያስታውቃል።

ሐበሻ ቤት ውስጥ የማይቆጠረው ሥራ

ኮመን አፕ ላይ እንቅስቃሴውን ከዝርዝር ውስጥ መምረጥ ይቻላል። ዝርዝሩ ውስጥ «የቤተሰብ ኃላፊነት»፣ «የደመወዝ ሥራ»፣ «ሃይማኖታዊ» እና «ባህላዊ» የሚሉ አሉ። ማንም አልደበቃቸውም። እኛ ነን የምናልፋቸው።

ምክንያቱ ገብቶኛል። ሐበሻ ቤት ውስጥ ታናሽን መጠበቅ ሥራ አይባልም። ልጅ መሆን ነው። እንግዳ ሲመጣ መላላክ፣ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ለእናት ማንበብ፣ የኪራይ ውል ማስረዳት፣ ቅዳሜና እሁድ የዘመድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ላይ መቆም። ይህን ለኮሌጅ መጻፍ ነውር ይመስላል፣ ወይም የቤትን ገመና ማውጣት። ስለዚህ 20 ሰዓት የሚሠራ ልጅ «ምንም አክቲቪቲ የለኝም» ብሎ ባዶ ቅጽ ይዞ ይቀመጣል።

የቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው። እሁድ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚቀድስ ዲያቆን አለ። ዜማውን በግዕዝ በቃሉ ያጠና፣ ሰዓታት ቆሞ የሚያገለግል። ቅጹ ላይ «ቤተ ክርስቲያን እረዳለሁ» ብሎ ይጽፋል። አሜሪካዊው አንባቢ ዲያቆን ሲባል በእሱ አገር ሸምገል ያለ ሰው ነው የሚመጣበት። ስለዚህ 150ው ፊደል ለማብራሪያ መዋል አለበት፦ በስንት ዓመቱ እንደጀመረ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያዜም፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ለስንት ትንንሽ ልጆች እንደሚያስተምር። ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ያለችው ልጅም፣ በመስጊድ ቁርኣን የምታስቀራውም፣ የአማርኛ ትምህርት የምታግዘውም ያው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃራኒ ሐሳብ አለ። ኮሌጆች ስለ ቤተሰብ ኃላፊነት በቃል ያወራሉ እንጂ በተግባር የሚማርካቸው ሽልማትና ምርምር ነው የሚሉ አማካሪዎች አሉ። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ታናሽ መጠበቅ ብቻውን የሂሳብ ኦሎምፒያድን አይተካም። ሌሎች ደግሞ ልጆች ችግራቸውን እንዲሸጡ መገፋታቸው ያሳስባቸዋል። ተገቢ ስጋት ነው። ነገር ግን ያለውን በልኩ መጻፍ እንባ ማፍሰስ አይደለም። ከላይ ያለው ሁለተኛው መስመር ውስጥ አንድም የሚያለቃቅስ ቃል የለም።

ገንዘቡ የት ነው ያለው?

ተጓዳኝ እንቅስቃሴ ከመግቢያ ፈተና (ኤስኤቲና ኤሲቲ) ይልቅ ለድሃ ልጅ ይመቻል የሚል እምነት ነበር። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። በጁላይ 2023 የወጣ የሃርቫርድና የብራውን ኢኮኖሚስቶች ጥናት 12 ምርጥ ኮሌጆችን ተመለከተ። ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መካከል፣ ከሀብታሙ 1 በመቶ የመጡት ከመካከለኛው መደብ ልጆች ይልቅ እዚያ የመማር ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ምክንያት ቀረበ። አንዱ ሌጋሲ ነው፤ ወላጅ የተማረበት ኮሌጅ ለልጅ የሚሰጠው ቅድሚያ። ሁለተኛው የስፖርት ምልመላ ነው፤ ምልመላው ደግሞ ለሀብታም ልጆች ያደላል። ሦስተኛው ከትምህርት ውጪ ያለው ነጥብ ራሱ ነው። ይህ ነጥብ በተለይ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ላይ ከፍ ይላል።

ለምን ሲባል ግልጽ ነው። የዋሽንት ክፍለ ጊዜ ክፍያ አለው። የጉዞ እግር ኳስ ቡድን ክፍያ አለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የሌለው፣ በመኪና የሚያደርስ ወላጅም ይፈልጋል። አባት ኡበር የሚነዳው ቅዳሜ ነው።

በዚህ ክፍተት ላይ ገበያ በቅሏል። በታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚደረጉ የክረምት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በሺዎች ዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ስሙን ስላከራየ ወይም ክፍሉን ስለሰጠ፣ እዚያ መዋል ለመግባት ዋስትና አይሆንም። በአንጻሩ ኤምአይቲ ላይ የሚካሄደው «አርኤስአይ» የተባለው የምርምር ፕሮግራም ትምህርቱ ነጻ ነው፣ መግባቱ ግን እጅግ ከባድ ነው። ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ ከፋይ ሁሉ የሚገባበት ከሆነ፣ የሚያሳየው መክፈልን ነው።

የገበያው ጫፍ በማርች 2019 ታየ። ሪክ ሲንገር የተባለ አማካሪ የሀብታም ልጆችን ሐሰተኛ ስፖርተኛ እያደረገ ኮሌጅ ሲያስገባ ተያዘ። የልጁ ጭንቅላት በሌላ ስፖርተኛ ሰውነት ላይ በፎቶሾፕ የተለጠፈበት ጊዜም ነበር። 50 ሰዎች ተከሰሱ። ሲንገር በጃንዋሪ 2023 ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት።

ታዲያ ነገሩ ለምን አይቀርም? አንዳንዶች ፈተና ብቻ ይሁን ይላሉ። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝ፣ ዬልና ሃርቫርድ በ2024 የፈተና ውጤት ግዴታ መልሰው አስገብተዋል። የፈተና ውጤትም ከገቢ ጋር መያያዙ ደግሞ የታወቀ ነው። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን መሠረት ያደረገ ቅበላን ከከለከለ ወዲህ፣ ኮሌጆች የልጁን ሕይወት የሚያዩበት መስኮት ድርሰቱና የእንቅስቃሴ ዝርዝሩ ሆኗል። ስለዚህ በቅርቡ የሚጠፋ አይመስልም። ይልቅ ቦታው እያጠረ፣ ጥያቄው እየጠበቀ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት

ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ተማሪ ሌላ ዓይነት ሸክም አለበት። ዋናው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጪ አገር ተማሪም ቢሆን መክፈል መቻል አለመቻሉን ሳያዩ ከሚወስኑት ጥቂቶች መካከል ናቸው። በሌሎች ብዙ ኮሌጆች ድጋፍ መጠየቅ ራሱ ፉክክሩን ያከብደዋል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ግን አመልካቹ የሚመዘነው ትምህርት ቤቱ ባለው ነገር ውስጥ ነው። ሮቦት የሌለበት ትምህርት ቤት ልጅ ስለ ሮቦት አይጠየቅም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሚኒ ሚዲያን ለሦስት ዓመት ሳያቋርጥ ያስኬደ፣ ለሰፈር ልጆች በነጻ ሂሳብ ያስጠና፣ ተጨባጭ ነገር ይዟል። «ሚኒ ሚዲያ» ምን እንደሆነ ግን በአንድ ሐረግ ማስረዳት አለበት። በየትምህርት ቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ሁሉም ያውቃል ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ማመልከቻ

9ኛ ክፍል መቅመሻ ነው። ሦስት አራት ነገር መሞከር፣ ያልጣመውን መተው ችግር የለውም። 10ኛ ላይ ሁለት ሦስቱ ይቀራሉ። 11ኛ ኃላፊነት የሚታይበት ዓመት ነው፤ 12ኛ ላይ የተጀመረ ነገር ቅጹ ላይ ሲገባ ሰዓቱ ያሳብቃል። ከሁሉ በፊት ግን ውጤቱ። አንድ ክበብ ተጨምሮ ሂሳብ ከኤ ወደ ሲ ከወረደ፣ ንግዱ ኪሳራ ነው።

የሠሩትን ወዲያው መጻፍም ይረዳል። ስልክ ላይ አንድ ኖት ከፍቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን ነገር ማስቀመጥ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ150 ፊደል ለማሳጠር የሚበቃ ዝርዝር የሚገኘው ከዚያ ነው።

ወላጅ በቀጥታ የሚገባበት አንድ ቦታ አለ። ብዙ ሃይስኩሎች 11ኛ ክፍል ሊያልቅ ሲል ለወላጅ መጠይቅ ይልካሉ። ካውንስለሩ ስለ ልጁ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚጠቀምበት ነው። አንድ ካውንስለር በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሊኖሩት ይችላል፤ የልጁን ቤት አያውቅም። የሐበሻ ወላጅ ይህን ወረቀት ወይ ባዶውን ይመልሰዋል ወይ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይጽፍበታል። እናት የሌሊት ፈረቃ ላይ እያለች እራት ማን እንደሚያቀርብ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።